ማታ የሚግል አጥንት

በዚያ ዘመን አዳማን ከተማ ብሎ መጥራት ከተማን መስደብ ነበር። ባቡር ጣቢያው አለ፤ ከጣቢያው ፊት ለፊት የግሪኮችና የየመን ዐረቦች ሱቆች፣ ከሱቆቹ ጀርባ የእህል መጋዘኖች፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ደግሞ የኩሊዎቹ ጎጆዎች ተደርድረዋል። የቀረው ግራር፣ አቧራና ነፋስ ነው። ነፋሱ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሥራ አይፈታም። ሰው ሲናገር ጥርሱ መሃል አሸዋ ይፈጫል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ዝም ማለትን ይመርጥ ነበር።

በዚያ አቧራ ውስጥ ራህመቶ የሚባል ወጌሻ ይኖር ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ የሌላውን ጀርባ ሲያቀና የራሱን የረሳ ጎባጣ ሰው ነው። ሰውን በፊቱ አያውቅም፤ በጀርባው ነው የሚያውቀው። ገበያ መሃል አንዱ አቅፎ ሰላም ሲለው ግራ ገብቶት ይቆይና «እስቲ ዞር በል» ይላል። ሰውየው ሲዞርለት ትከሻውን አይቶ «አሃ! የግራ ጎንህ እንዴት ሆነ?» ብሎ እንደ አዲስ ይስመዋል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ሲጠይቁት «ፊት ይዋሻል፤ ጀርባ ግን መዋሸት የት ተማረ?» ይል ነበር። ይህን አባባሉን በኋላ ጠልቶታል።

ሙያውን ያስተማረችው አክስቱ ዙለይካ ናት። አርሲ ነገሌ ሳሉ፣ ገና ጢም ሳያወጣ፣ የበግ አከርካሪ አጥንቶች በስልቻ ጨምራ «ዓይንህን ጨፍን፤ እጅህን አስገባና ከአንገት እስከ ጭራ በተርታ አውጣልኝ» ትለዋለች። አንዷን ካሳሳተ ሁሉንም መልሳ ስልቻው ውስጥ ትሞጅራቸዋለች። ሦስት ክረምት እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ክረምት አጥንቶቹ ገና ሲነካቸው ማን እንደሆኑ የሚነግሩት ሆነ።

አንድ ቀን ማምሻውን አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ይዘው መጡ። ልጅቷ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው፤ ቀጥ ብላ ነው የምትቀመጠው፤ የወደቀ ነገር ስታነሳ እንኳ ወገቧን ሳታጎብጥ ቁጢጥ ትላለች። ራህመቶ በሆዱ «ይቺ ደግሞ ምን ጎደላት? አካሄዷ የእመቤት ነው» አለ። ዙለይካ እጁን ይዛ ከልጅቷ ጀርባ መሃል አንዲት አጥንት ላይ አሳረፈችው። ትግላለች። በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ቀዝቅዞ እሷ ብቻ ትግላለች።

«ጠዋት ብትነካት ትበርድሃለች» አለችው ዙለይካ ሰዎቹ ሲሄዱ። «ቀን የሚበርድ ማታ የሚግል አጥንት ከገጠመህ እጅህን አንሳ። አይታሽም፤ አይረገጥም፤ ሸክም አይጣልበትም። ነቀዝ የገባበት ስንዴ ነው፤ ከላይ ስታየው ፍሬ ነው፣ ውስጡ ዱቄት ነው። ልጅቷ ቀጥ የምትለው ኮርታ አይደለም፤ ሰውነቷ እንዳይፈርስ ፈርቶ ነው። አስተኝተህ ዓመት ጠብቅ፤ አላህ ከፈቀደ ይገጥማል።»

የልጅቷ አባት ግን ለሥራ የደረሰች ልጁን ዓመት ተኝታ ማየት አልፈለገም። ሌላ ወጌሻ ዘንድ ወስዶ አሳሻት። በሚቀጥለው ዓመት በገበያ ቀን ታዝላ ስታልፍ ራህመቶ አያት። እግሮቿ ከአዛይዋ ጎንና ጎን እንደ እርጥብ ጨርቅ ይወዛወዙ ነበር። ራህመቶ ያን ዕለት ምሳ አልበላም።

አዳማ ሲገባ ጎልማሳ ነው። ሚስቱን ከሪማን፣ አንድ ቁርበትና ያንኑ የአጥንት ስልቻ ይዞ ከኩሊዎቹ ሰፈር ዳር ጎጆ ቀለሰ። ከአርሲ በሁሩታ በኩል በአህያና በግመል የሚመጣው ስንዴና ገብስ ባቡሩ ላይ የሚወጣው በሰው ጫንቃ ነው። ኩሊው ጆንያውን ማጅራቱ ላይ ያስጭናል፤ ከመጋዘን ወጥቶ፣ ሜዳውን አቋርጦ፣ ጠባቧን ሳንቃ ሽቅብ ተራምዶ ፉርጎው ውስጥ ያራግፋል። እንዲህ ሲል ይውላል። ሲመሽ ከእነዚያ ሁሉ ወንዶች ውስጥ ቀና ብሎ ሰማይ የሚያይ አይገኝም ነበር።

የራህመቶ ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። ሰውየው ቁርበቱ ላይ በሆዱ ይተኛል። ራህመቶ ለጋ ቅቤ በመዳፎቹ መሃል ያሞቅና ከሚያመው ቦታ ሳይሆን ከተረከዙ ይነሳል። «ወገቤን ነው ያልኩዎት!» ብሎ የሚጮህ አይጠፋም።

«ዝም በል። ወገብህ አልቃሽ ነው፤ ሬሳው ያለው ባትህ ውስጥ ነው» ይለዋል።

ከባት ወደ ታፋ፣ ከታፋ ወደ ሽንጥ፣ ከዚያ በሁለት አውራ ጣቶቹ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ሽቅብ ይወጣል። የተቋጠረ ጅማት ሲያገኝ ክርኑን ያሳርፍበትና ሰውየው ትንፋሹን ለቆ እስኪላላ ይጠብቃል። በመጨረሻ ያስነሳውና ከጎጆው ምሰሶ ጋር ያቆመዋል፤ ተረከዝ፣ መቀመጫ፣ ትከሻ፣ የራስ ቅል ሁሉም ምሰሶውን እስኪነኩ። «ቁመትህ ይኸ ነው፤ እንዳትረሳው» ይለዋል። ከእሱ ጎጆ የወጣ ሰው ከገባበት አንድ ጣት ያህል ረዝሞ ነው የሚወጣው ይባል ነበር።

ከማሸቱ ሌላ አንድ ከባድ ሥራ ነበረበት። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ የእህሉ ወራት ይገባል። በዚያን ዕለት ጠዋት፣ ጀንበር ብቅ ስትል፣ የኩሊዎቹ አለቃ ፈዬራ ሰዎቹን አሰልፎ ከራህመቶ ቁርበት ላይ አንድ በአንድ ያስተኛቸዋል። ራህመቶ አውራ ጣቱን ከማጅራት እስከ ጭራ አጥንት አንዴ ብቻ ያወርድና አንድ ቃል ይናገራል፤ ወይ «ይሸከማል»፣ ወይ «ይረፍ»። ይሸከማል የተባለው ከቡድኑ ይገባል፤ ጎጆም ይሰጠዋል። ይረፍ የተባለው ጎጆውን ለሌላ ይለቃል። ጎጆዎቹ የመጋዘኑ ጌታ ንብረት ናቸውና ጫንቃ የሌለው ሰው ጣራ የለውም።

የራህመቶን ቃል ሕግ ያደረገው ወዬሳ የሚባል ግዙፍ ሰው ነበር። ራህመቶ «ይረፍ» ሲለው ፈዬራ ሳቀና «ይሄ እኮ ግመል ነው!» ብሎ አስገባው። በሦስተኛው ቀን ወዬሳ ከሳንቃው ላይ ጆንያውን እንደተሸከመ ወደቀ፤ ደም ከአፉ ወጣ፤ ሳይመሽ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ፈዬራ ቁርበቱ ፊት ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል።

ቁርበቱ ሌላም ሕግ ነበረው። አንድ ሰሞን ኩሊዎቹ አንዱ የሌላውን ቦታ ተመኝቶ «እገሌ ደም ይተፋል፣ እገሌን ያንቀጠቅጠዋል» እያሉ ራህመቶ ጆሮ ውስጥ ወሬ ማፍሰስ ያዙ። ራህመቶ ተቆጣና ሁሉም በተሰበሰቡበት «ከእንግዲህ ቁርበቱ ላይ እጄ በዚያች ሰዓት ያገኘውን እንጂ ጆሮዬ የሰማውን አልናገርም። የተናገርኩትንም አላጥፍም። ወላሂ!» ብሎ ማለ። ሰው ሁሉ መረቀው። ደግ ሕግ ነበር። ደግ ሕግ ግን እንደ ስለታም ቢላዋ ነው፤ የባለቤቱን ጣት ለይቶ አይምርም።

ከኩሊዎቹ መሃል ራህመቶ አብልጦ የሚወደው ጉተማን ነበር። ምክንያት አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ከሪማ ከአዋሽ ማዶ ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ መልካሳ ላይ ንዳድ ጣላት፤ በቅሎዋም ደንብራ ጠፋች። ጉተማ በዚያ ሲያልፍ አገኛት። አያውቃትም። «እናቴ፣ ይታዘሉ» ብሎ አዝሏት በዚያ ሐሩር ግማሽ ቀን ተጉዞ ከባሏ ደጃፍ አወረዳት። ራህመቶና ከሪማ ልጅ አልወለዱም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከሪማ ልጅ የለኝም ስትል የሰማት የለም።

ነገሩ የመጣው በሃያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። በታኅሣሥ፣ ጀንበር ልታዘቀዝቅ ስትል፣ ጉተማ ሚስቱን ቡዜን ቤት ትቶ ብቻውን ወደ ራህመቶ ጎጆ መጣ።

«አካም ኦልተኒ፣ ኦቦ ራህመቶ» አለ፤ እንዴት ዋሉ ማለቱ ነው። ሲገባ በትሩ ከእጁ አመለጠችው። ሊያነሳት ጎንበስ አላለም። ወገቡን እንዳቀና ቁጢጥ ብሎ፣ መሬቱን በእጁ ዳሶ፣ አነሳት።

ራህመቶ ያን አየ። የነገሌዋ ልጅ ከአርባ ዓመት በኋላ ተነስታ በበሩ የገባች መሰለው።

«ተኛ» አለው። ድምፁን እንደ ወትሮው ለማድረግ ሞከረ። ቅቤውን አልነካም፤ መዳፉን ብቻ ከጀርባው መሃል አሳረፈ። ሳያስስ ደረሰባት። ትግላለች።

«መቼ ጀመረህ?»

«ከመስቀል ወዲህ። ማታ ማታ ነው እንጂ ጠዋት ደህና ነኝ። ላብ ያጠምቀኛል። እስቲ ይሹኝ፤ እጅዎ ካረፈበት ይለቀኛል።»

«አላሽህም።»

ጉተማ ቀስ ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ። ራህመቶ ሁሉንም ነገረው፤ የአክስቱን ቃል፣ የልጅቷን እግሮች፣ ዓመት ሙሉ መተኛት እንዳለበት፣ ጆንያ መንካት እንደሌለበት። ጉተማ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋደማት።

«ይረፍ ይሉኛል ማለት ነው» አለ ጉተማ።

«ይረፍ እልሃለሁ።»

«ቡዜ ሆዷ ገፍቷል። ጎጆውን ስለቅ የት ልውሰዳት? ግራር ሥር ትውለድ?» የራህመቶን እጅ ያዘ። «ይቺን አንድ ወራት ብቻ፣ ኦቦ። እህሉ ይለቅ፤ ከዚያ ዓመት አይደለም ሁለት ዓመት እተኛለሁ።»

«በቁርበቱ ላይ አልዋሽም።»

«ማን ይዋሹ አለዎ? የሚነኩኝ ጠዋት ነው። ጠዋት ደግሞ ይበርዳል። እጅዎ በዚያች ሰዓት ያገኘውን አይደል የሚናገሩት?»

ጉተማ ወጥቶ ሲሄድ ራህመቶ ከበሩ ሆኖ ተመለከተው። ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው።

ከሪማ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «ይረፍ ይበሉት» አለችው። «ጎጆ ቢያጣ እኛ ጋ ይግቡ። እኔን በዚያ ጀርባ ተሸክሞ አይደል ያመጣኝ? ምን ቸገረን?»

«እሱ እሺ አይልም። ሚስቱን ይዞ ሰው ቤት የሚጠጋ ወንድ አይደለም።»

«እሺ የሚለውንማ እሱ ይወቅ። እርስዎ የሚያውቁትን ይናገሩ።»

«እናገራለሁ» አለ ራህመቶ። ከልቡ ነበር ያለው። እስከ ጥምቀት ድረስ በየቀኑ በሆዱ ሲለማመደው ከረመ፤ ይረፍ፣ ይረፍ፣ ይረፍ። ቀላል ቃል ነው፤ ሕፃን ይለዋል።

ቀኑ ደረሰ። ነፋሱ ሌሊቱን ሲጮህ አድሮ ጠዋት ጭጭ ብሎ ነበር፤ አዳማ ላይ ነፋስ ሲያቆም ሰው ደስ አይለውም። ሰዎቹ ተሰለፉ። አንዱ ተኛ፣ «ይሸከማል»፤ ሌላው ተኛ፣ «ይሸከማል»። ከሰልፉ ጀርባ ቡዜ ነጠላዋን በሆዷ ላይ ሰብስባ ቆማለች። ዓይኗ ከራህመቶ አፍ ላይ አልተነሳም። ጉተማ ተራው ደርሶ ተኛ።

ራህመቶ አውራ ጣቱን ከማጅራቱ አንስቶ አወረደ። አንዷን፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን። እዚያች ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመች። ትበርዳለች። እንደ ጓደኞቿ፣ እንደ ጠዋት ድንጋይ፣ ትበርዳለች። በዚያች ቅጽበት በራህመቶ ጭንቅላት የማይሆን ነገር አለፈ፤ ምናልባት ድኖ ይሆን? ምናልባት ያን ቀን ማታ የእኔው እጅ ግሎ ቢሆንስ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ራህመቶ አጥንቷን ያውቃታል። ግን ያቺን ሆድ፣ እነዚያን ዓይኖች፣ የራሱን መሐላ፣ ዝም ብሎ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ አየ። በዚያች ሰዓት እጄ ያገኘውን ብዬ ነው የማልኩት፤ እጄ ያገኘው ብርድ ነው። ለራሱ እንዲህ አለ።

«ይሸከማል» አለ።

ቡዜ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከሪማ በራፉ ላይ ቆማ ነበር። ዞራ ገባች። በትዳራቸው ውስጥ ራህመቶ ያን ያህል ያፈረበት ቀን የለም።

ጥር አለፈ፤ ጉተማ ተሸከመ። የካቲት አለፈ፤ ተሸከመ። የሚያስፈራው ደግሞ መውደቁ ሳይሆን ማማሩ ነው። ከቀን ወደ ቀን እየቀና ሄደ። ሌሎቹ ኩሊዎች በእህሉ ወራት እንደ ማጭድ ሲቆለመሙ እሱ ደረቱን ነፍቶ፣ አንገቱን አቅንቶ ይንጎራደዳል። «ፊታውራሪ ጉተማ መጡ፤ መንገድ ልቀቁ!» እያሉ ይቀልዱበታል። ሰው ሲጠራው አንገቱን አያዞርም፤ መላ አካሉን ይዞ ነው የሚዞረው። ይህም ኩራት ተባለ። የሱቁ ግሪክ ሳይቀር በረንዳው ላይ ቆሞ ለእንግዳው ያሳየው ነበር።

ሁሉም ምስጋናውን ለራህመቶ ሰጡ። ከወንጂ፣ ከሞጆ ሳይቀር ጎባጣ ሰው መጉረፍ ጀመረ። «እንደ ጉተማ ያቅኑኝ» ይላሉ። አንዲት እናት ልትድር ያሰበቻትን ልጅ ይዛ መጥታ «ልክ እንደዚያ ኩሊ ቀጥ ትበልልኝ» አለች። ራህመቶ «እንዲያ ያለ መቅናት ለጠላትሽም አትመኚ» አላት፤ ሴትየዋ ዋጋ ሊያስጨምር ነው ብላ አኩርፋ ሄደች። ራህመቶ ምስጋና በሰማ ቁጥር እህል አይወርድለትም፤ ዱዓ ሲያደርግ እንኳ ምን ብሎ እንደሚለምን አያውቅም። ጉተማን አድንልኝ ይበል፣ ወይስ ውሸቴን ሰውርልኝ?

ማታ ማታ ወደ ጉተማ ጎጆ ይሄዳል። ሊያሸው አይደፍርም፤ መዳፉን ብቻ ያሳርፋል። አጥንቷ መጀመሪያ ማምሻውን ብቻ ነበር የምትግለው፤ አሁን ሌሊቱን ሙሉ ትግላለች። በመጋቢት ደግሞ ጫፏ እንደ ባቄላ ፍሬ ጎላ ብላ ወጣች። «ተወው፤ ነገ ተኛ፤ ከነቡዜ እኛ ጋ ግቡ» ይለዋል። ጉተማ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረው፤ «እህሉ ሊያልቅ ነው፣ ኦቦ።» የአርሲ እህል ግን ማለቂያ የለውም፤ ግመሎቹ እየመጡ ነው።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ ማታ ቡዜ እያለከለከች ወደ ራህመቶ መጣች። እጇን ዘረጋች። መዳፏ ላይ የግራር እሾህ አለ፤ የጣት ያህል ርዝመት አለው፤ ደም ደርቆበታል።

«ከእግሩ ነው የነቀልኩት» አለች። «ውስጡ ድረስ ገብቶ ነበር። ሲያጥበው ነው ያየሁት። መቼ ወጋህ ብለው የቱ አለኝ። ኦቦ ራህመቶ፣ ሲነቀል እንኳ ዞር አላለም። እግሩ ምን ሆኖ ነው?»

ራህመቶ እሾሁን ተቀብሎ በምድጃው ብርሃን አገላብጦ አየው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። «ነገ ጠዋት ጆንያ ሳይነካ እደርሳለሁ» አላት።

ጎህ ሲቀድ ወደ ጣቢያው ሮጠ። ስልሳ ዓመት የተጠጋ ጎባጣ ሰው ሲሮጥ አይተው የሱቅ ልጆች ሳቁ። ባቡሩ ከጅቡቲ ገብቶ ቆሟል፤ ፉርጎዎቹ ተከፍተዋል፤ ሳንቃዎቹ ተዘርግተዋል። ፈዬራ ከመጋዘኑ በር ላይ ሰዎቹን እያዘዘ ነው። ጉተማ ጫንቃውን አጎንብሶ ሳይሆን አቅንቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጆንያ ሊያስጭን ተዘጋጅቷል።

«ፈዬራ፣ ጉተማ ይረፍ!» ብሎ ጮኸ ራህመቶ።

ሰው ሁሉ ቆመ። ፈዬራ ባርኔጣውን እንኳ ማውለቅ ረሳ። «ምን አሉ?»

«ይረፍ! ጀርባው ታሟል። ማታ ይግላል።»

«ማታ እኔ ምን አገባኝ? የምጭነው በጠዋት ነው!» ፈዬራ ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን አየ። «ኦቦ ራህመቶ፣ ይሸከማል ያሉት እርስዎ ነዎት። ቃሌን አላጥፍም ያሉትም እርስዎ ነዎት። ዛሬ አንድን ሰው ከቁርበት ቃል ካወጡ ነገ ይሄ ሁሉ ሰው ምኑን ያምናል? ወሬ ሰምተው ነው?»

ከኋላ አንዱ «ቦታው ለማን ተፈልጎ ይሆን?» አለ። ሌላው «ጉቦ ሳይኖር አይቀርም» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ራህመቶ የገዛ መሐላው ፊቱ ላይ እንደ ግንብ ቆሞ አገኘው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁ! ያን ቀን አውቅ ነበር!» አለ፤ ግን ባቡሩ እንፋሎቱን ለቀቀና ድምፁ ተዋጠ።

ጉተማ ሰምቶታል። ፊቱ ቀላ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በሽተኛ መባልን ወንድ አይችለውም። «ኦቦ ራህመቶ ጭንቀታም ናቸው፤ ይወዱኛል» ብሎ ሳቀና «ጫኑ!» አለ። ጫኑበት። ራህመቶ ሊደርስበት ሮጠ፤ ሁለት ሰዎች «ኧረ ይረጋጉ» ብለው ክንዱን ያዙት። ጉተማ ሜዳውን አቋረጠ። ቀጥ ብሎ፣ አንገቱን ሳያዞር፣ እንደ ፊታውራሪ። ሳንቃው ላይ ወጣ። መሃል ላይ የግራ እግሩ ጣቶች ሳንቃውን ጎተቱ። ቆመ። ወደ ታች አየ፤ እግሮቹ የሌላ ሰው ሆነው ያገኛቸው ይመስል በመገረም አያቸው። ከዚያ ጉልበቶቹ ዝም ብለው ታጠፉ።

አልጮኸም። ከእሱ ጋር ጆንያው ወደቀና ተቀደደ፤ ስንዴው ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

በዚያችው ሳንቃ ላይ አስተኝተው ወደ ራህመቶ ጎጆ አመጡት። ሌላ የሚወስዱት ቦታ አላወቁም፤ ሐኪም ያለው አዲስ አበባ ነው። ቁርበቱ ላይ በሆዱ አስተኙት። ኩሊዎቹ በሩን ሞልተው ቆሙ፤ ፈዬራ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጧል። ቡዜን ከሪማ አቅፋ ይዛታለች።

«ኦቦ፣ ቃል ይበሉ» አለ ፈዬራ፤ ድምፁ ልክ እንደ ለማኝ ነበር።

ራህመቶ ተንበርክኮ እንደ ልማዱ ከተረከዙ ጀመረ፤ ሌላ ማድረግ የሚያውቀው የለም። ሁለቱንም እግሮች አጥብቆ ይዞ ጫነ። ባቱን ወጣ፤ ታፋውን ወጣ፤ ወደ ተረከዙ ተመለሰ። እንባው ቅቤው ላይ ይንጠባጠባል።

ጉተማ ፊቱን ቁርበቱ ላይ አድርጎ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ «ኦቦ ራህመቶ» አለ፤ «ለምን አይጀምሩም? ወገብ አልቃሽ ነው፣ ሬሳው ያለው እግር ውስጥ ነው ይሉ አልነበር? እግሬን ይያዙልኛ።»

ከበሩ ላይ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። የራህመቶን እጆች አይተዋልና መቆም አልቻሉም።

ጉተማና ቡዜ ከዚያ ጎጆ አልወጡም፤ ከሪማ እንዳለችው ሆነ፤ ግን የሆነው በሦስት ወር ዘግይቶ ነው። ቡዜ በዚያው ቤት በከሪማ እጅ ወንድ ልጅ ወለደች። በሚቀጥለው ጥምቀት ፈዬራ ሰዎቹን አሰልፎ በጠዋት ሲመጣ ራህመቶ «ከእንግዲህ ማታ ነው የምነካው፤ ማታ አምጣቸው» አለው። ፈዬራ ማታ ላይ ሰው ሁሉ ደክሞ ጀርባው ሁሉ ስለሚግል እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም ብሎ ሄደ። ከሞጆ በጠዋት የሚነካ ሌላ ወጌሻ አስመጣ። ስለዚያ ወጌሻ ማንም ክፉ አላወራም፤ ሁሉንም «ይሸከማል» ይል ነበር።

ራህመቶ ያን ጊዜ የሚያሸው አንድ ሰው ብቻ ነበር። በየቀኑ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ጉተማን በሆዱ ያስተኛውና እግሮቹን ከተረከዝ እስከ ታፋ ያሸዋል። ወር አለፈ፤ ዓመት አለፈ። እግሮቹ ከሳር ዘንግ ቀጠኑ። ራህመቶም ከእነሱ ጋር ከሳ። ከሪማ «ይብሉ እንጂ፤ ራስዎን ሊገድሉ ነው?» ብትለው አይሰማም።

አንድ ማምሻ ጉተማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደተኛ «ዛሬስ ተሰማኝ» አለ።

ራህመቶ ቀጥ አለ። «ምን አልክ?»

«እጅዎ ተሰማኝ። ግራ እግሬ ላይ። ሞቀኝ።»

ራህመቶ አላህን ሊያመሰግን አፉን ከፍቶ ሳለ የገዛ ሙያው ያዘው። ቀስ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሁለቱን እጆቹን ከእግሩ ላይ አነሳና አየር ላይ ያዛቸው።

«አሁንስ?» አለ።

«አሁንም» አለ ጉተማ ከግድግዳው ጋር እንደተፋጠጠ። «እዚያችው ላይ። እየባሰ ይሞቀኛል፤ እጅዎ ይባረክ። ድኛለሁ ማለት ነው፣ ኦቦ። አሁን እራትዎን ይብሉ።»

የራህመቶ እጆች አሁንም አየር ላይ ናቸው። ከሪማ ከምድጃው ቀና ብላ አየችው፤ እሱም አያት። ከዚያ ቅቤ ጨመረና እንደገና ከተረከዙ ጀመረ።